የግግር በረዶ ስያሜዎችና የቆዩ የአየር ፎቶግራፎች ምስክርነት

በአማርኛ «በረዶ» ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰን ከነጐድጓድ ጋር እየወረደ ጣሪያ የሚደበድበው፣ አዝመራ የሚያረግፈው ጠጣር ነው። ከማቀዝቀዣ የሚወጣውን የረጋ ውኃም በዚሁ ስም እንጠራዋለን፤ በሰሜን አገሮች እንደ ተነደፈ ጥጥ እየረገፈ ምድሩን የሚያለብሰውም እንዲሁ በረዶ ይባላል። ለዕለት ተዕለት ንግግር ይህ አንድ ቃል ይበቃል፤ ሰሚው የትኛው እንደሆነ ከአነጋገሩ ይረዳዋል። የጂኦግራፊ ወይም የሥነ ምድር ጽሑፍ በሚተረጐምበት ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ደራሲ በአንድ ገጽ ላይ ትናንት የወረደውን፣ ካለፈው ዓመት የተረፈውንና ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ በሸለቆው ቁልቁል የሚጓዘውን በሦስት ልዩ ልዩ ቃላት ለይቶ ሲጽፍ፣ ተርጓሚው ሦስቱንም «በረዶ» ካላቸው አንባቢው የጽሑፉን ፍሬ ነገር ያጣል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው ግግር በረዶ የመሬትን ገጽ እንዴት እንደሚለውጥ የሚገልጹትን ስያሜዎች ነው። ስያሜዎቹን የምንመረምረው ግን ከመዝገበ ቃላት ተነሥተን ሳይሆን ከቆዩ የአየር ፎቶግራፎች ተነሥተን ነው። ምክንያቱም የብዙዎቹ ቃላት ፍቺ በመዝገበ ቃላት ተጽፎ የሚገኘው ቅርጽን በመግለጽ ነው፤ «የአፈርና የድንጋይ ጉብታ»፣ «ረጅም የጠጠር ተረተር» የመሳሰለውን ማለታችን ነው። ቃሉ በሙያው ዘንድ የሚያገለግለው ግን ቅርጹን ላስገኘው ክንውን ጭምር ነው። ክንውኑን ለማየት ደግሞ አንዱን ቦታ በሁለት ልዩ ልዩ ዓመታት ከላይ መመልከት ያስፈልጋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አስቀድመን ስለ ፎቶግራፎቹ ጥቂት እንበል። ከአውሮፕላን የሚነሣ ፎቶግራፍ በሁለት ይከፈላል። የካሜራው ዐይን በቀጥታ ወደ ታች ሲመለከት የሚነሣውን «ቁልቁል ፎቶግራፍ»፣ ወደ ጐን አዘንብሎ ሲመለከት የሚነሣውን «ዘመም ፎቶግራፍ» ብለነዋል። ለካርታ ሥራ የሚነሡት ቁልቁል ፎቶግራፎች እያንዳንዱ ከሚከተለው ጋር ከግማሽ በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 60 በመቶ ያህል፣ እንዲደራረብ ተደርጎ ይነሣሉ። አንዱ ቦታ ከሁለት አቅጣጫ ስለሚታይ፣ ሁለቱ ዐይኖቻችን ርቀትን እንደሚገምቱ ሁሉ፣ ከጥንዱ ፎቶግራፍ ከፍታን መለካት ይቻላል። ሙያውን በተለመደው ስሙ «ፎቶግራሜትሪ» ማለት ይሻላል፤ አማርኛ ለማውጣት መድከም እዚህ ላይ ትርፍ የለውም። ቀድሞ በከባድ መሣሪያ ይሠራ የነበረው ልኬት ዛሬ በኮምፒዩተር ስለሚሠራ፣ ለእይታ ብቻ ይቀመጡ የነበሩት ዘመም ፎቶግራፎችም ለመለኪያነት በቅተዋል።

የአልፕስን ተራሮች ከአየር ካነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ስዊሳዊው አብራሪ ዋልተር ሚትልሆልሰር ነው። በ1919 የሞን ብላንን ግግሮች አነሣ፤ ልክ በመቶኛው ዓመት፣ በ2019፣ በስኮትላንድ የደንዲ ዩኒቨርስቲ ባለሙያዎች ከዚያው ቦታ ደግመው አነሧቸው። ሚትልሆልሰር በ1930 የኪሊማንጃሮን ጫፍ ከአየር አንሥቷል። በ1934 ደግሞ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተላከውን ፎከር አውሮፕላን እያበረረ አዲስ አበባ ድረስ መጥቷል፤ ስለ ጉዞውም መጽሐፍ አሳትሟል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ታሪክ ከአገራችን ፈጽሞ የራቀ አይደለም። በዚያው ዘመን ዴንማርካውያን በግሪንላንድ፣ ኖርዌያውያን በስቫልባርድ ደሴቶች ላይ እየበረሩ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ፎቶግራፍ አነሡ። ሁሉም ሥራው የተሠራው ለካርታ እንጂ ግግር እየጠበበ መሄዱን ለማጥናት አልነበረም። ሥዕሎቹ በየቤተ መዛግብቱ ለዐሥርት ዓመታት ከቆዩ በኋላ ነው ሌላ ጥያቄ ያላቸው ሰዎች ያወጧቸው።

ለስያሜ ሥራችን ከሁሉ ይልቅ የጠቀመን ቦታ ግን በአይስላንድ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ የሚገኘው ብሬይዳሜርኩርዮኩል ነው። በስሙ መጨረሻ የሚገኘው «ዮኩል» በአይስላንድ ቋንቋ ግግር በረዶ ማለት ሲሆን፣ «የበረዶ ቁራጭ» ከሚል ቃል የወጣ ነው። ቀሪው የስሙ ክፍል «ሰፊ ደን» የሚል ትርጉም አለው። ዛሬ በዚያ ደን የለም። በአሥራ ሰባተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ በአካባቢው የነበሩት የብሬይዳና የፍያል እርሻዎች ግግሩ እየገፋ ስለ መጣባቸው ባዶ ቀሩ፤ ኋላም በበረዶው ተሸፈኑ። ግግሩ በ1890 ገደማ ወደ ባሕሩ እጅግ ተጠግቶ፣ በዳርቻውና በውቅያኖሱ መካከል የቀረው መሬት ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማጠር ጀመረ። በ1945 የአሜሪካ ጦር የካርታ አገልግሎት ቦታውን ከአየር አነሣው፤ በ1965 ደግሞ በግላስጎ ዩኒቨርስቲ የሚሠሩ የጂኦግራፊ ሰዎች አዲስ ፎቶግራፍ አስነሥተው የሁለቱን ዓመታት ካርታ ጐን ለጐን ሠሩ። በኋላም በ1998 ፎቶግራፍ ላይ የተመሠረተ ሌላ ካርታ ተጨመረ። አንድ የግግር ዳርቻ በግማሽ ምእት ዓመት ውስጥ ምን ትቶ እንደሄደ እንዲህ በቅርብ የተመዘገበበት ስፍራ ብዙ አይገኝም።

እነዚህን ካርታዎች ስንመለከት በመጀመሪያ የተሰናከልንበት ቃል «አፈገፈገ» ነው። ግግር በረዶ ሲያንስ በአማርኛ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ «አፈገፈገ» ወይም «ወደ ኋላ ተመለሰ» ይባላል፤ በአውሮፓ ቋንቋዎችም የሚሠራበት ቃል ከጦር ሜዳ የተወሰደ ነው። አንባቢ ይህንን ሲሰማ የሚታየው በረዶው ተነሥቶ ወደ ተራራው ሲመለስ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ግን ተፈጽሞ አያውቅም። ግግር ምንጊዜም የሚጓዘው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ዳርቻው ላይ የሚቀልጠው ከላይ ከሚመጣው ሲበልጥ ያጥራል፣ ሲያንስ ይረዝማል። ፎቶግራፉ ለዚህ ግሩም ማስረጃ አለው። በብሬይዳሜርኩርዮኩል ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ እንደ ገበሬ ትልም ተከታትለው የተሰለፉ ትንንሽ ጉብታዎች ይታያሉ። በቀዝቃዛው ወቅት መቅለጡ ስለሚገታ ዳርቻው ጥቂት ወደ ፊት ይራመድና ከፊቱ ያገኘውን አፈርና ድንጋይ ይገፋል፤ ሙቀት ሲመጣ ከተራመደው የበለጠ ይቀልጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይገፋል፤ ግን ካለፈው ዓመት ጉብታ ወዲህ ቀርቶ። እንግዲህ እያንዳንዱ ጉብታ የአንድ ዓመት ምልክት ነው። ባጠረባቸው ዓመታት ሁሉ በየዓመቱ ወደ ፊት ይገፋ የነበረን ነገር «አፈገፈገ» ማለት፣ ፎቶግራፉ የሚናገረውን መካድ ይሆናል። ስለዚህ «ግግሩ አጠረ»፣ ሁኔታውንም «የግግር ማጠር» ማለትን መርጠናል። ቃሉ ተራ ነው፤ አያስጌጥም፤ ነገር ግን አይዋሽም።

ሁለተኛው መሰናክል «ደለል» ነው። እኛም ራሳችን በአንድ ረቂቅ ላይ ግግር የሚተወውን ነገር ሁሉ ደለል ብለን ጽፈን፣ የሥነ ምድር ሰዎች ሲያዩት ሳቁብን። ስሕተቱ ከቋንቋ ችሎታ ማነስ አልነበረም፤ ነገሩን ባለማየት ነበር። ደለል ውኃ የሚያመጣው ነው፤ ውኃ ደግሞ ይመርጣል፦ ከባዱን ድንጋይ ቀድሞ ይጥላል፣ ጠጠሩን ቀጥሎ፣ አሸዋውን ከዚያ፣ ዱቄት የመሰለውን ጭቃ ረጋ ያለ ቦታ ሲያገኝ። በረዶ አይመርጥም። ቤት የሚያህለውን ቋጥኝና እንደ ዱቄት የላመውን አፈር አንድ ላይ ተሸክሞ አንድ ላይ ይጥላል። በፎቶግራፉ ላይ ሁለቱ ጐን ለጐን ይታያሉ። ከግግሩ ዳርቻ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ሰፊ ሜዳ ለስላሳና አንድ ወጥ መልክ ያለው፣ ጅረቶቹም እንደ ሹሩባ እየተለያዩና እየተገናኙ የሚወርዱበት ነው፤ ይህ በእውነት የደለል ሜዳ ነው። ከእርሱ በላይ ያሉት ጉብታዎች ግን ሻካራና ዥንጉርጉር ናቸው።

ለዚህ ያልተመረጠ፣ ያልተለየ ጭነት «ጥራጊ» የሚለውን ቃል አቅርበናል። መጥረጊያ ያገኘውን ሁሉ ሳይለይ እንደሚሰበስብ በረዶውም እንዲሁ ነውና። ጥራጊው ተከማችቶ ቅርጽ ሲይዝ ደግሞ «ቁልል» ይባል። ነገሩንና ቅርጹን በሁለት ቃል መለየታችን በውጭ ቋንቋዎችም ያለ ልዩነት ስለሆነ ነው፤ ተርጓሚ አንዱን በሌላው ቦታ ቢያስገባ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ከዚህ ተነሥተን የፊት ቁልል፣ የጐን ቁልልና የመሐል ቁልል እንላለን። «ካብ» የሚለው ቃል ቀርቦልን ነበር፤ ካብ ግን የሰው እጅ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያሰናዳ የሚሠራው ስለሆነ አልተቀበልነውም። «ክምር»ም የአውድማ ሥርዓት ያለበት ቃል ነው። ስለ መሐል ቁልል አንድ ነገር እንጨምር። ከላይ ሲታይ በብሬይዳሜርኩርዮኩል ነጭ ገጽ ላይ ረጃጅም ጥቁር ሰንበሮች ይታያሉ፤ ሰንበሮቹን በዐይን ወደ ላይ የተከተለ ሰው ኤስዩፊዮልና ማቫቢግዲር ከሚባሉት፣ ከበረዶው መሐል ብቅ ካሉት ተራሮች ይደርሳል። ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ ፎቶግራፉ ራሱ ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን በፎቶግራፉ ላይ የማይታየው ነው። ግግሩ ማጠር ከጀመረ በኋላ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ ገደማ፣ በዳርቻው ትንሽ ኩሬ ታየ። ኩሬው በ1945 ፎቶግራፍ ላይ አለ፤ በ1965 ሰፍቷል፤ ዛሬ ዮኩልሳውርሎን የተባለ፣ እስከ 248 ሜትር የሚጠልቅ፣ ከአይስላንድ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ሐይቅ ነው። ውኃው የሞላው ግግሩ ራሱ የቆፈረውን ጉድጓድ ነው። በራዳር የተደረገው ልኬት እንደሚያሳየው ከበረዶው ሥር 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ወለሉ ከባሕር ወለል በታች እስከ 300 ሜትር የሚወርድ ቦይ አለ፤ ይህንንም ግግሩ በረዘመባቸው ባለፉት ጥቂት ምእት ዓመታት ውስጥ አሮጌውን ደለል እየዛቀ እንደ ቆፈረው ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ለዚህ ሥራ ሁለት ግሦች ያስፈልጉናል። በረዶው በሥሩ የያዘውን ድንጋይ እንደ ሞረድ እየተጠቀመ ዐለቱን ሲፍቀው «መሞረድ»፣ በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የረጋው ውኃ ዐለቱን ከበረዶው ጋር አጣብቆ ሲያስነሣው «መንቀል» ብለናል። የተሞረደ ዐለት ለስላሳና ባለ ጭረት ነው፤ የተነቀለ ዐለት ሻካራና ባለ ስብር ነው። ሁለቱን በአንድ «መሸርሸር» ማጠቃለል ለአጠቃላይ ጽሑፍ ይፈቀድ ይሆናል፤ ለሙያ መጽሐፍ ግን አይበቃም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንመለስ። «ግግር በረዶ» ወይም «የበረዶ ግግር» በጋዜጣም በመማሪያ መጽሐፍም እየተለመደ ስለሄደ ልንጥለው አንችልም፤ መጣልም አይገባም። ነገር ግን ጉድለቱን ማወቅ አለብን። «ገገረ» የሚለው ግሥ የያዘው ሐሳብ መድረቅና መጠጠር ነው፤ የገገረ ነገር አይነቃነቅም። የሙያው ፍቺ ግን ግግርን ከማንኛውም የበረዶ ክምችት የሚለየው በመንቀሳቀሱ ነው። ክብደቱ ሲበዛ፣ ውፍረቱም ብዙ ዐሥር ሜትር ሲሆን፣ ጠጣሩ በረዶ በገዛ ክብደቱ ቅርጹን እየለወጠ ቁልቁል ይጓዛል፤ ከሥሩ ውኃ ካለ ደግሞ ወለሉ ላይ ይንሸራተታል። እንግዲህ ስሙ ስለ ጠጣርነቱ ይመሰክራል፤ ስለ ጉዞው ግን ዝም ይላል። መፍትሔው ፍቺው ነው፤ በመዝገበ ቃላት «ግግር በረዶ» ሲፈታ «ከአመዳይ ተጠቅጥቆ የተሠራና በገዛ ክብደቱ የሚንቀሳቀስ» የሚለው ሐረግ ፈጽሞ መቅረት የለበትም። ለሁለቱ የአነቀሳቀስ ዐይነቶችም ቃላቱ በእጃችን አሉ። በውስጡ ቅርጹን እየለወጠ ሲጓዝ «ይሳባል»፣ በወለሉ ላይ ሲጓዝ «ይንሸራተታል» እንላለን። «ይፈሳል» የሚለውን ግን ለቀለጠው ውኃ እንተውለት።

ግግር መንቀሳቀሱን ሲያቆም ሌላ ስም ይሻል። ከዳርቻው ተቆርጦ፣ ከላይ የሚገፋው አጥቶ፣ በጥራጊ ተሸፍኖ የሚቀረውን «ሙት በረዶ» ብለነዋል፤ በሌሎች ቋንቋዎችም በዚሁ አጠራር ይታወቃል። ሙት በረዶ በፎቶግራፍ ላይ አንባቢን የሚያታልል ነው። በብሬይዳሜርኩርዮኩል ፊት ከበረዶው ሥር በቦይ ይፈስ የነበረው ውኃ ያስቀመጠው የጠጠር ተረተር፣ በሥነ ምድር ቋንቋ ኤስከር የተባለው፣ ግግሩ ሲያጥር ብቅ አለ። የ1945ቱና የ1965ቱ ልኬት ሲተያይ ግን ከተረተሮቹ አንዳንዶቹ ዝቅ ብለው ተገኙ፤ ከጠጠሩ ሥር ሙት በረዶ ቀርቶ ኖሮ እየቀለጠ ነበር። አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ያየ ሰው ቋሚ የመሬት ቅርጽ አየሁ ብሎ ይጽፋል። ሁለቱን ያየ ሰው ግን ገና ያላለቀ ሥራ መሆኑን ያውቃል።

በመግቢያችን ያነሣነው የ«በረዶ» ጉዳይ በፎቶግራፍ ንባብም ይኸው ነው። በጥቁርና ነጭ ሥዕል ላይ ትናንት የወረደው፣ ካለፈው ዓመት የተረፈውና ግግሩ ሁሉም ነጭ ናቸው። ስለዚህ ካርታ ሠሪዎች ፎቶግራፉ የወቅቱ ሽፋን በሚያንስበት በሙቀቱ ወራት መጨረሻ እንዲነሣ ይፈልጋሉ፤ ያለዚያ ኀላፊውን ሽፋን ከግግሩ ጋር ደባልቀው የግግሩን ስፋት ያበዙታል። ንጹሕ ነጭ ገጽ ሌላም ጣጣ አለው። ምልክት የሚሆን ጠርዝ ስለሌለው ከሁለት ፎቶግራፎች ላይ አንዱን ነጥብ ለይቶ ማገናኘት ያስቸግራል። በስቫልባርድ በ1936 እና በ1938 የተነሡት 5,507 ዘመም ፎቶግራፎች ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ በኮምፒዩተር ተገጣጥመው፣ በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ከ1,500 በላይ የሆኑ ግግሮችን የቀድሞ ከፍታ አውጥቶባቸዋል። በደቡብ ምሥራቅ ግሪንላንድም በ1930ዎቹ የዴንማርክ ፎቶግራፎች እየተመሩ የ132 ግግሮች ዳርቻ ለሰማንያ ዓመት ያህል ተከታትሎ ተጠንቷል፤ ውጤቱ በ2012 ታትሟል። እንዲህ ያለ ጥናት ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚበዛው ቃል «በረዶ» እንደሚሆን አስቡት። ፎቶግራፍ አንባቢው በብዙ ድካም የለየውን ተርጓሚው በአንድ ቃል መልሶ ይደባልቀዋል።

ለመለያው የሚያስፈልጉት ቃላት ግን ቀድሞም አሉን። ግእዝ በረድን፣ ሐመዳንና አስሐትያን ለይቶ ያውቃል። አማርኛም «አመዳይ» እና «ውርጭ» የሚሉ ቃላት አሉት፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም አመዳይ ከበረዶ ተለይቶ ተጠርቷል። በአንዳንድ አካባቢ አመዳይ ለማለዳ ውርጭ እንደሚነገር እናውቃለን፤ ቢሆንም ከሰማይ ለሚረግፈው ነጭ ብናኝ ከዚህ የተሻለ ቃል ስላላገኘን አመዳይን ለእርሱ፣ ውርጭን መሬት ላይ ለሚረጋው፣ በረዶን ለጠጣሩ መድበናል። አንድ የሙቀት ወቅት አልፎ ሳይቀልጥ የተረፈውን አመዳይ ስዊሳውያን «ፊርን» ይሉታል፤ በእነርሱ ቋንቋ «ያምናው» እንደ ማለት ነው። እኛ «የከረመ አመዳይ» ብለነዋል። ይህ ስያሜ ሲወጣ ያላሰብነው ነገር ኋላ ገባን። በሰሜኑ ዓለም አመዳዩ ሊቀልጥ የሚችልበት ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ላይ ይውላል፤ ይህም ለእኛ ክረምት ነው። ስለዚህ ያ አመዳይ በእኛም አቆጣጠር ቃል በቃል ይከርማል። በተቃራኒው ተርጓሚ የአውሮፓን ብርዳማ ወቅት «ክረምት» ብሎ ሲጽፍ ወራቱን መጥቀስ እንዳይረሳ አደራ እንላለን፤ «በክረምት ግግሩ ወደ ፊት ገፋ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለአማርኛ አንባቢ ሐምሌን ሊያስታውሰው ይችላልና።

በዚህ ሙያ ዓለም አቀፍ ተብለው የሚጠሩት ቃላት ከየት እንደ መጡ መመልከት ያበረታታል። አንዳቸውም ከግሪክ ወይም ከላቲን መዝገብ ተፈልገው የወጡ አይደሉም። እኛ ቁልል ያልነውን ፈረንሳዮች «ሞረን» ይሉታል፤ ይህም የሳቯ ተራራ ነዋሪዎች ቃል ሲሆን የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር በ1779 በጀመረው የአልፕስ ጉዞ መጽሐፉ ወደ ሳይንስ አስገባው። ተሰንጥቆ የቆመውን የበረዶ ግንብ «ሴራክ» የሚሉት በአካባቢው በሚሠራ ነጭ አይብ ስም ነው። ኤስከርና ድረምሊን የአየርላንድ ገበሬዎች የተረተርና የጉብታ ስሞች ናቸው። ፊዮርድ ኖርዌያዊ፣ ኑናታክ የግሪንላንድ ኢኑዊቶች፣ ሳንዱር የአይስላንድ ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ በደጁ ያለውን ጠርቶ ስሙን ለዓለም አበደረ። ስለዚህ ብድሩን መቀበል አያሳፍርም፤ ከአገሩ መልክዐ ምድር ጋር የተቈራኘውን ፊዮርድን፣ ድረምሊንን፣ ኤስከርን እንዳሉ ተቀብለናል። አማርኛው ዝግጁ ሆኖ ሲጠብቀን ግን መበደር ስንፍና ነው። ለምሳሌ ከግግር ሥር የታቆረ ውኃ በድንገት ፈንድቶ ሲወርድ አይስላንዳውያን «ዮኩልህሎይፕ» ይላሉ፤ የግግር ሩጫ ማለታቸው ነው። በእኛ አገር ዝናብ ሳይታይ ከላይ ድንገት የሚመጣውን ጎርፍ «ደራሽ» እንለዋለን፤ «የግግር ደራሽ» ቢባል ማንም ቆላ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ኑናታክም «የግግር ደሴት» ቢባል ያስኬዳል። ግግር ለሞረደው ሰፊ ሸለቆ ሰዎች «የዩ ቅርጽ ያለው» ይላሉ፤ የራሳችን ፊደል «ሀ» ያንኑ ቅርጽ ይዞ ሳለ የላቲን ፊደል መጥራት ለምን እንዳስፈለገ አልገባንም። «ሀማ ሸለቆ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ አንዳንዶቻችንን አስቋል፤ «ባለ ሀ ቅርጽ ሸለቆ» ግን ተቀባይነት አግኝቷል።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዛሬ በኢትዮጵያ ግግር በረዶ የለም፤ በአፍሪካ የቀሩት በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ የሚገኙት ጥቂት ቅሪቶች ናቸው። ነገር ግን በባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው ቱሉ ዲምቱ ዙሪያ፣ ከብዙ ዐሥር ሺሕ ዓመታት በፊት ሰፊ ግግር ነበር። ከአምባው ወደ ሸለቆዎቹ የወረዱት ግግሮች የተዉአቸው ቁልሎች ዛሬም ይታያሉ፤ ቋጥኞቹ ከበረዶው ከወጡ ስንት ዘመን እንደሆናቸው በላቦራቶሪ ተለክቷል። በስሜን ተራሮችና በአርሲ ከፍታዎችም ተመሳሳይ ምልክት ተገኝቷል። በእነዚህ ስፍራዎች የአየር ፎቶግራፍ ጥቅም ከአይስላንዱ የተለየ ነው። በዚያ ሁለት ፎቶግራፎች ሲነጻጸሩ ለውጥ ይታያል፤ በእኛ ተራሮች ግን ሥራው ካለቀ ሺሕ ዓመታት ስላለፉ፣ ፎቶግራፉ የሚያሳየው የቀረውን ቅርጽ ብቻ ነው። ከመሬት ሲታይ ተራ ጉብታ የሚመስለው ከላይ ሲታይ ከሸለቆው ጐንና ጐን ተነሥቶ በታች በኩል እንደ ማጭድ የሚገናኝ የፊት ቁልል ሆኖ ይገኛል። ከ1935 እስከ 1941 ኢጣሊያኖች ያነሷቸው 34,000 ያህል የአየር ፎቶግራፎች አዲስ አበባ ውስጥ ተገኝተው ለመሬት ሽፋን ጥናት ማገልገላቸውን ስናስብ፣ እንዲህ ያለው መዝገብ ለሌላም ጥያቄ መልስ ሊኖረው እንደሚችል እንገምታለን። ጥናቱ በአማርኛ ሲጻፍ ግን ጸሐፊው ያንን ጉብታ «ደለል» ካለው፣ የባሌን ቁልል ወንዝ ያመጣው ነው ብሎ ለተማሪው ማስተማሩ ነው። በአንድ ቃል ምክንያት ግግሩ ከአገሪቱ ታሪክ ይሰረዛል።

ያልተቋጩ ስያሜዎች ገና ብዙ ናቸው። ከተራራ ጫፍ ሥር እንደ ወንበር የተቀመጠውን ጐድጓዳ ቦታ ጀርመኖች በዕቃ ስም ይጠሩታል፤ እኛ «ገበቴ» ብለን አስበናል፤ ነገር ግን የስሜን ሰው ለእንዲህ ያለ ቦታ የራሱ ስም እንዳይኖረው እንሠጋለን። ኤስከርንም «የጠጠር ተረተር» ብሎ መተርጎም ወይስ እንዳለ መቀበል በሚለው ላይ አልተስማማንም፤ ለጊዜው ሁለቱንም ጐን ለጐን እንጽፋለን። በራስ ዳሸን ከፍታዎች አመዳይ አልፎ አልፎ ይወርዳል፤ ጥላ ባለበት ገደል ሥር ለቀናት ሳይቀልጥ የሚቆየውን እዚያ የሚኖሩ እረኞች ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ በባሌም የኦሮምኛ ተናጋሪዎች ምን እንደሚሉት የሚያውቁ አንባቢዎች ቃሉን ከተነገረበት ቦታ ስምና ከአነጋገሩ ምሳሌ ጋር ጽፈው ቢልኩልን፣ በሚቀጥለው ዝርዝራችን ውስጥ እናገባዋለን።